መረጃ ሲዘገይ ወሬ ይቀድማል፤ የመርካቶ ተሞክሮ ለመንግሥት ሠራተኛው ምን ያስተምራል?

በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ በሚገኘው መርካቶ ቁጥራቸው ቀላል የማይባል ሱቆች በሥራ ቀን ተዘግተው ታይተዋል። ዕለቱ በዓል አልነበረም። የከተማ አስተዳደሩ ገቢዎች ቢሮ ያለ ደረሰኝ በሚካሄድ ግብይት ላይ የሚያደርገውን ቁጥጥር ባጠናከረበት በዚያ ሰሞን፣ ደረሰኝ ያልቀረበበት ዕቃ ሁሉ ከሱቅ እየተጫነ ሊወረስ ነው የሚል ወሬ ከተራ ወደ ተራ ተዛምቶ ነበር። ገበያው በጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም በሸማ ተራ ከደረሰው ከባድ የእሳት አደጋ ድንጋጤ ገና ስላልተላቀቀ፣ ወሬው የወደቀው በተጨነቀ ልብ ላይ ነበር።

ቢሮው የሚወረስ ዕቃ እንደሌለና የቁጥጥሩ ዓላማ ግብይትን በደረሰኝ ማድረግ ብቻ እንደሆነ አስታውቋል። ነጋዴዎች በበኩላቸው ደረሰኝ እንዲቆርጡ ቢገደዱም፣ ዕቃውን የሚያስረክቧቸው አስመጪዎችና አከፋፋዮች ለእነርሱ ደረሰኝ እንደማይሰጧቸው በመግለጽ ቅሬታቸውን አሰምተዋል። ውሎ አድሮ ሱቆቹ ተከፍተው ገበያው ወደ ቀድሞ ሁኔታው ተመልሷል። ይሁን እንጂ ክስተቱ ለመንግሥት ሠራተኛው፣ ለኃላፊውና ለጋዜጠኛው ጥያቄ ጥሎ አልፏል። ሕጉ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ የቆየ ሆኖ ሳለ፣ ስለ አፈጻጸሙ ወሬ ከመንግሥት መግለጫ ይልቅ ሊታመን የቻለው ለምንድን ነው?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ መልስ መፈለግ ነው። ዜጋው ስለ ወቅታዊ የፖለቲካና የአስተዳደር ጉዳይ የሚይዘው የግል አስተያየት ከሦስት ምንጮች ይቀዳል። እነርሱም መንግሥት የሚያስታውቀው፣ መገናኛ ብዙኃን የሚዘግቡትና ትምህርት የሚያስጨብጠው ዕውቀት ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ክፍተቱን የሚሞላው ወሬ ነው።

ገበያና አዋጅ

በአገራችን ታሪክ ገበያ የሸቀጥ መለዋወጫ ብቻ ሆኖ አያውቅም። በቀደመው ዘመን አዋጅ የሚነገረው በገበያ ቀን፣ ነጋሪት እየተጎሰመ ነበር። የሰማ ላልሰማ እንዲያሰማ ይታዘዛል፤ ሕዝቡም የሰማውን ይዞ ወደየመንደሩ ይበተናል። ማስታወቂያው የሚደርሰው በሰው አፍ እንደመሆኑ መጠን፣ ሰሚው በመንገድ ላይ የራሱን ግምት ቢጨምርበት የሚያስገርም አልነበረም።

መርካቶም የዚህ ልማድ ወራሽ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን የአገሬው ገበያ ከአራዳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ተነሥቶ ወደ አሁኑ ሥፍራ እንዲዛወር ከተደረገ ወዲህ፣ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን እስከ አንዋር መስጊድ፣ ከሸማ ተራ እስከ ምናለሽ ተራ የተዘረጋው ይህ ገበያ የመላ አገሪቱን ነጋዴ ያገናኛል። ከክፍለ አገር ዕቃ ለመጫን የመጣ ነጋዴ ከዋጋው ጋር ወሬውንም ይዞ ይመለሳል። ማለዳ በአንድ ተራ የተነገረ ነገር ከቀትር በፊት አውቶቡስ ተራ ይደርሳል፤ ከዚያም ወዲያ ከተሳፋሪው ጋር ይጓዛል። የተንቀሳቃሽ ስልክና የማኅበራዊ ትስስር ገጾች መስፋፋት ፍጥነቱን ጨመረው እንጂ ልማዱን አልፈጠረውም።

ስለሆነም የመርካቶ ነጋዴ መረጃ ፈላጊ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የምንዛሪ ተመን፣ የጉምሩክ ቀረጥ፣ የመንገድ መዘጋት፣ የግብር መመሪያ ለእርሱ የዕለት እንጀራ ጉዳዮች ናቸው። ፖለቲካን የሚከታተለውም በአመዛኙ ከዚህ አንጻር ነው። እንዲህ ያለው ሰው እርግጠኛ መረጃ ባጣ ጊዜ እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም፤ ባገኘው ላይ ተመሥርቶ ይወስናል። ሱቁን መዝጋትም ከውሳኔዎቹ አንዱ ነው።

ያልተብራራው ሒሳብ

በተጨማሪ እሴት ታክስ ላይ የተነሣውን ቅሬታ ለመረዳት ስሌቱን በቀላል ምሳሌ መመልከት ያስፈልጋል። ታክሱ በአዋጅ ቁጥር 285/1994 ተደንግጎ በ1995 ዓ.ም ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ በ2016 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1341 ተተክቷል። መደበኛው የታክስ መጣኔ 15 በመቶ ነው።

አንድ ለታክሱ የተመዘገበ ቸርቻሪ ከአከፋፋይ የ10 ሺህ ብር ዕቃ ሲገዛ 1 ሺህ 500 ብር ታክስ ጨምሮ ይከፍላል እንበል። ዕቃውን በ12 ሺህ ብር ሲሸጥ ደግሞ ከገዢው 1 ሺህ 800 ብር ታክስ ይሰበስባል። ቸርቻሪው ለመንግሥት የሚያስገባው ልዩነቱን፣ ማለትም 300 ብር ብቻ ነው። ይህ የሚሆነው ግን የግዥ ደረሰኝ በእጁ ሲኖር ነው። ደረሰኝ ከሌለው አስቀድሞ ስለ ከፈለው ታክስ ማስረጃ ስለማይኖረው፣ ሊቀነስለት የሚገባውን ማስቀነስ አይችልም። በዚያ ላይ የዕቃው መግዣ ዋጋ በወጪነት ካልተያዘለት በትርፍ ላይ የሚሰላው ግብርም ከፍ ይልበታል። በምሳሌው መሠረት እውነተኛ ትርፉ 2 ሺህ ብር ሆኖ ሳለ፣ ማስረጃ በማጣቱ ብቻ ሽያጩ በሙሉ ትርፍ መስሎ ሊታይበት ይችላል።

ከዚህ የምንረዳው የቁጥጥሩም ሆነ የቅሬታው መነሻ እውነት መሆኑን ነው። ያለ ደረሰኝ የሚሸጥ ነጋዴ የሕዝብን ገንዘብ ያስቀራል፤ ያለ ደረሰኝ የሚገዛው ደግሞ ራሱን ይጎዳል። ሰንሰለቱ የሚበጠሰው ከላይ፣ ከአስመጪው ወይም ከአከፋፋዩ ዘንድ ከሆነ ቁጥጥሩ በቸርቻሪው ላይ ብቻ ሲያርፍ ፍትሐዊ አይመስለውም። ይህን በጥቂት አረፍተ ነገሮች፣ በየተራው ቋንቋና በየሱቁ ሒሳብ ማስረዳት ይቻል ነበር። «ሕግ ይከበር» የሚለው ማሳሰቢያ ደጋግሞ ሲሰማ፣ «ደረሰኝ የከለከለኝን የት ልክሰስ? ከዚህ በፊት ያለ ደረሰኝ የገባው ዕቃ ምን ይሆናል?» ለሚሉት ጥያቄዎች ግን ቀጥተኛ መልስ በዚያው መጠን አልተሰማም። የመውረስ ወሬ የበቀለው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ተመሳሳይ ሁኔታ ከዚያ ቀደምም ታይቷል። በ2009 ዓ.ም ክረምት ለደረጃ «ሐ» ግብር ከፋዮች የተሠራው የቀን ገቢ ግምት ይፋ በተደረገበት ወቅት በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ሰፊ ቅሬታ ተነሥቷል። ግምቱ የተጋነነባቸው እንደነበሩ ሁሉ፣ የቀን ሽያጭ ግምቱን ራሱን የሚከፈል ግብር አድርገው የተረዱም ነበሩ። ግምትና ግብር የተለያዩ መሆናቸውን የሚያስረዳው ማብራሪያ የመጣው ሕዝቡ ወረቀቱን ተቀብሎ ከደነገጠ በኋላ ነበር። ማብራሪያው ከወረቀቱ ጋር ወይም ከወረቀቱ ቀድሞ ቢደርስ ኖሮ፣ እውነተኛውን ቅሬታ ከተሳሳተው ፍርሃት ለይቶ ማስተናገድ በተቻለ ነበር።

ዜና፣ ሐተታና አስተያየት

የመገናኛ ብዙኃን ድርሻ እዚህ ላይ ይመጣል። በጋዜጠኝነት ሙያ ሦስት ነገሮች ተለይተው መቅረብ አለባቸው። ዜና ምን እንደተፈጸመ፣ መቼ፣ የትና በማን እንደሆነ ይናገራል። ሐተታ ለምን እንደተፈጸመና እንዴት እንደሚሠራ ያብራራል። አስተያየት ደግሞ የጸሐፊው ወይም የተናጋሪው አቋም ነው። ሦስቱም ተገቢ ቦታ አላቸው፤ ጉዳቱ የሚመጣው አንዱ የሌላውን ልብስ ለብሶ ሲቀርብ ነው። የኃላፊው ምኞት እንደ ዜና፣ የነጋዴው ሥጋት እንደ ተረጋገጠ እውነት፣ የጋዜጠኛው ግምት እንደ ማብራሪያ ሲቀርብ አንባቢው ሁሉንም በአንድ ሚዛን ይመዝናል፤ ውሎ አድሮም ሁሉንም መጠራጠር ይጀምራል።

በዚህ ረገድ የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ባልደረቦች ራሳችንን መፈተሽ ይገባናል። ስለ ግብር ትምህርት በተዘጋጀ መድረክ ላይ ተገኝተን የምንሠራው ዜና አዘውትሮ የሚነግረው መድረኩን ማን እንደከፈተው፣ ከየት ከየት የመጡ ባለድርሻ አካላት እንደተሳተፉና ኃላፊው ምን እንዳሳሰቡ ነው። ከአዳራሹ መጨረሻ ረድፍ የተነሣው ጥያቄ፣ ለጥያቄው የተሰጠው ወይም ሳይሰጥ የቀረው መልስ ግን በማስታወሻ ደብተራችን ላይ ቀርቶ ይወድቃል። መርካቶ ያለው አንባቢ የሚፈልገው ያንን ጥያቄ ነው። ጥያቄውን በዜናው ውስጥ ካላገኘው ዜናው ስለ እርሱ እንዳልሆነ ይቆጥረዋል።

መረጃ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚወጣበት ፍጥነትም የራሱ ችግር አለበት። ከዓመታት በፊት የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አንድ መመሪያ ከመቼ ጀምሮ ሥራ ላይ እንደሚውል ለመጠየቅ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት አምርቶ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ደብዳቤ እንዲያመጣ ተነገረው። ደብዳቤው ሲደርስ የሚመለከታቸው ኃላፊ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሦስተኛው ጉዞ ደብዳቤው «ወደ ሌላ ክፍል ተመርቷል» ተባለ። መልሱ በእጁ ሲገባ ዘጠኝ ቀናት አልፈው ነበር። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ውስጥ መመሪያው በየሻይ ቤቱ ተወርቶ፣ ተተንትኖና ተወግዞ አልቋል፤ ከተወራው ውስጥ ግማሹ ስሕተት ነበር። ትክክለኛው ዜና በወጣ ጊዜ አንባቢው ያየው እንደ ማስተባበያ ነው። ማስተባበያ ደግሞ ምንጊዜም ከወሬ በስተኋላ ያነክሳል።

መንገድን መዝጋት ወሬን አይዘጋም

የመረጃ እጥረት በሚያስከትለው ችግር ላይ ከራሳችን የቅርብ ታሪክ ሌላ ትምህርት መውሰድ ይቻላል። በ1997 ዓ.ም ጠቅላላ ምርጫ ዋዜማ የፖለቲካ ፓርቲዎች በትምህርት፣ በመሬት፣ በኢኮኖሚና በመሳሰሉት ፖሊሲዎች ላይ ያደረጉት ክርክር በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ቀጥታ ተሰራጭቷል። ሕዝቡ ተቃራኒ ሐሳቦችን በአንድ መድረክ ሰምቶ የራሱን ሚዛን ለመያዝ ዕድል ያገኘበት ጊዜ ነበር። ከምርጫው በኋላ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም በተከሰተው ግጭት ግን የበርካታ ሰዎች ሕይወት ጠፋ፤ መርካቶም ከግጭቱ ሥፍራዎች አንዷ ነበረች። የተንቀሳቃሽ ስልክ የጽሑፍ መልእክት አገልግሎትም ለሁለት ዓመታት ያህል ተቋርጦ ቆየ።

አገልግሎቱ ቢቋረጥም ወሬው አልተቋረጠም። በየቡና ቤቱ፣ በየታክሲውና በየደጀ ሰላሙ በሰው አፍ ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ በተለያዩ ወቅቶች ኢንተርኔት ሲቋረጥም የታየው ከዚህ የተለየ አይደለም። የመረጃ መንገድ ሲዘጋ በቅድሚያ የሚታፈነው እርማት ነው፤ ሐሰቱ አስቀድሞ ወጥቷልና። በ2012 ዓ.ም የወጣው የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የሚያስችለው አዋጅ ቁጥር 1185 አውቆ ሐሰት የሚነዛን ሰው ለመቅጣት ያገለግል ይሆናል። ይሁን እንጂ በቅን ልቦና የተሳሳተውን ነጋዴ የሚያርመው ቅጣት ሳይሆን ፈጥኖ የደረሰ እውነት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

መረጃ መስጠት የኃላፊው በጎ ፈቃድ ተደርጎ የሚታይበት ጊዜ አለ። የአገሪቱ ሕግ ግን ከዚህ የተለየ ነው። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። አንቀጽ 29 ማንኛውም ሰው የመሰለውን አመለካከት የመያዝና የመግለጽ መብት ያለው መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ፣ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘትን ዕድል የፕሬስ ነፃነት አካል አድርጎ ያስቀምጣል። እዚያው አንቀጽ ውስጥ በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ ወይም በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ያለ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችል ሁኔታ መመራት እንዳለበት ሰፍሯል። ይህ ድንጋጌ የመንግሥት መገናኛ ብዙኃንን የሚመራ ሁሉ በጠረጴዛው ላይ ሊያኖረው የሚገባ ነው።

በ2000 ዓ.ም የወጣው የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ እንዲመድቡ፣ መረጃ ለጠየቀ ሰው በ30 ቀናት ውስጥ ምላሽ እንዲሰጡና የሚከለክሉበት ምክንያት ቢኖር እንዲገልጹ ግዴታ ጥሏል። ክትትሉንም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ሰጥቷል። ሠላሳ ቀን ለጥናትና ለምርምር ይበቃ ይሆናል፤ ለገበያ ግን እጅግ ረጅም ነው። ስለዚህ ሕጉ ያስቀመጠው የመጨረሻውን ገደብ እንጂ የተለመደውን ፍጥነት እንዳልሆነ መገንዘብ ያሻል።

የመንግሥት ሠራተኛው ራሱም ዜጋ በመሆኑ የግል አስተያየት አለው፤ መብቱም ነው። ሆኖም በመስኮት ጀርባ ተቀምጦ «ይህ መመሪያ እኮ አይሠራም» ወይም «ነጋዴ ሁሉ ሌባ ነው» ሲል ባለጉዳዩ የሚሰማው የአንድን ግለሰብ አስተያየት አይደለም፤ የመንግሥትን ድምፅ ነው። ከመስኮቱ የወጣች አንዲት ቃል ቀትር ሳይሆን በየተራው «ከውስጥ ሰው የተገኘ» መረጃ ትሆናለች። የወሬ ምንጭ ሁልጊዜ ከውጭ ነው ማለት አይቻልም።

ማስታወቂያ ትምህርት አይደለም

በብዙ መሥሪያ ቤቶች ዕቅድ ውስጥ «የግንዛቤ ማስጨበጫ» የሚል ተግባር አለ። አፈጻጸሙ የሚለካው በተሰበሰበው ሰው ብዛትና በተሰራጨው በራሪ ወረቀት ቁጥር ነው። ሰው መሰብሰቡ ግን ሰው መማሩን አያሳይም። ትምህርት የሚለካው ተማሪው ከአዳራሹ ሲወጣ ራሱ ሠርቶ ማሳየት በሚችለው ነገር ነው።

አገራችን የሕዝብ ትምህርትን በሰፊው የሞከረችበት ልምድ አላት። በሐምሌ 1971 ዓ.ም የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በመጀመሪያ በአምስት፣ በኋላም በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ተካሂዶ ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል። በዘመቻው በርካታ ጎልማሶች ፊደል ቆጥረዋል። የጊዜው መንግሥት የፖለቲካ መልእክት ከፊደሉ ጋር ተደባልቆ መሰጠቱ ግን የዘመቻው ሌላ ገጽታ ነበር። ምናልባትም ከዚህ ዓይነቱ ልምድ በመነሣት ይመስላል ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ መካሄድ እንዳለበት የደነገገው። ይህ ለመደበኛ ትምህርት ቤት ብቻ የሚነገር መርሕ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ለግብር ከፋዩ፣ ለተከራዩና ለባለ ይዞታው የሚሰጥ ትምህርትም ድጋፍ መሰብሰቢያ ሲሆን ተማሪውን ያጣል። ተሰብሳቢው እየተማረ ነው ወይስ እየተቀሰቀሰ እንደሆነ ለመለየት ብዙ ጊዜ አይወስድበትም።

ምን ይደረግ?

ከመርካቶ ተሞክሮ በመነሣት ማንኛውም መሥሪያ ቤት ሊተገብራቸው የሚችሉ፣ ተጨማሪ በጀት የማይጠይቁ ጥቂት ነጥቦችን መጠቆም ይቻላል።

አንደኛ፣ ማብራሪያ ከቁጥጥር መቅደም አለበት። አዲስ መመሪያ ወይም የነበረን ሕግ የማስከበር ዘመቻ ከመጀመሩ በፊት የሚመለከተው ሰው ምን እንደሚጠየቅ፣ ምን እንደማይጠየቅ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነና ቅሬታ ቢኖረው የት እንደሚያቀርብ በአንድ ገጽ ሊነገረው ይገባል። «ምን እንደማይጠየቅ» የሚለው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው። በኅዳር 2017 ገበያውን ያስጨነቀው ግን እርሱ ነበር።

ሁለተኛ፣ መሥሪያ ቤቱ የማያውቀውን ወይም ገና ያልወሰነውን ነገር ሳይደብቅ መናገር ይኖርበታል። «በዚህ ነጥብ ላይ ውሳኔ አልተሰጠም፤ በዚህ ቀን ይገለጻል» የሚል አጭር ቃል ከዝምታ እጅግ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ መልሱ ጥያቄው ባለበት ሥፍራ መገኘት አለበት። የመርካቶ ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ ለግማሽ ቀን አዳራሽ መቀመጥ ይከብደዋል። ባለሙያው በየተራው ተገኝቶ በነጋዴው ደረሰኝ ላይ ሒሳቡን አብሮ ቢሠራ፣ የተረዳው አንድ ነጋዴ ለአሥር ጎረቤቶቹ ያስረዳል። ወሬን ያን ያህል ያፈጠነው የገበያው ትስስር እውነትንም ሊያፈጥን ይችላል።

አራተኛ፣ ጋዜጠኛው ከኃላፊው መግለጫ ጋር የባለጉዳዩን ጥያቄ በእኩል ክብደት ይዞ ሊመለስ ይገባል። ጥያቄው ካልተመለሰ አለመመለሱም ዜና ነው። ኃላፊው ደግሞ ይህን እንደ ነቀፌታ ሳይሆን የትኛው ነጥብ እንዳልተብራራ እንደሚያመለክት መረጃ ሊቀበለው ያስፈልጋል።

አበው «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» ይላሉ። ሰሚው የነገሩትን እንዳለ ከመዋጥ በራሱ አእምሮ እንዲመዝን የሚያሳስብ ምክር ነው። ዜጋው ግን መመዘን የሚችለው ሚዛኑ ላይ የሚያስቀምጠው እርግጠኛ ነገር ሲሰጠው ነው። ከዚያ በኋላ የሚደርስበት አስተያየት መንግሥትን የሚደግፍም የሚቃወምም ሊሆን ይችላል፤ ይህ የእርሱ ድርሻ ነው። የመንግሥት ሠራተኛው ድርሻ አስተያየቱ በሐሰት ላይ እንዳይመሠረት መረጃውን በጊዜ ማድረስ ነው። በመርካቶ የሱቅ መዝጊያዎች ዳግም በወሬ ምክንያት እንዳይወርዱ የሚያደርገውም ይኸው ነው።